በእጅ የተሞላ ቁጥር

ሶዶ መናኸሪያ ጀርባ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዷ ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግነው ደገፉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሬ የሌለው ሰው ነው እንጂ። ዕቃ ያመጣ ሰው «መቼ ልምጣ?» ይለዋል፣ እሱ «ሐሙስ» ይላል፤ በቃ፣ የዕለቱ ጨዋታ አለቀ። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም፤ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩት ወላጆቹም ተከታትለው አልፈዋል። ሰፈሩ «የድሮ ወታደር ነው» ብሎ ፈርጆታል፤ እሱም አላስተካከላቸውም። እንደ እውነቱ ከሆነ ጠመንጃ እንኳ በቅጡ ተኩሶ አያውቅም። የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነበር፤ የሃያ ሰባተኛው ተዋጊ ስኳድሮን ሰው።

ሃያ ሰባተኛው ስኳድሮን ዛሬ የለም። በአሥራ ሁለት ሚግ ተጀምሮ በሦስት ያለቀ ጓድ ነው። ልጆቹ ሩሲያ ድረስ ሄደው፣ በበረዶ ጆሯቸው እስኪደነዝዝ ተምረው መጡ፤ ምሥራቁንም አዩ፣ ሰሜኑንም አዩ፣ ብዙዎቹም እዚያው ቀሩ። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ አንድ ጠዋት ተነሡና አዛዥ የለም፣ ትእዛዝ የለም፣ ስኳድሮን የለም። በወጉ አሰልፎ «ተበትናችኋል» ያላቸው እንኳ አልነበረም፤ ከሬዲዮ ነው የሰሙት። የቀረው ሰው ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ በየአገሩ ሄደ።

ደገፉ የዚህን ጓድ ታሪክ እሑድ እሑድ በደብተር ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም። የየትኛው አውሮፕላን ጎማ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው አብራሪ ሳይበላ እንደሚበር፣ የትኛውስ በልቶ እንደሚያስታውክ፣ የክበቡ ወጥ ቤት ድመት ስም ሳይቀር፣ አሥራ አንድ ደብተር ሞልቷል። አሥራ አንደኛው ደብተር ግንቦት 1983 ላይ ሲደርስ ቆመ። ከቆመ ሦስት ዓመቱ ነው። እኔ ብሆን «ወይ ጻፈው ወይ ተወው» ባልኩት ነበር። እሱ ግን እሑድ እሑድ ይከፍተዋል፣ ቀኑን ያያል፣ መልሶ ይዘጋዋል።

ሐምሌ 1999 ላይ ስልኩ ጮኸች። ስልኳ የምትጮኸው በወር አንዴ ስለሆነ መጀመሪያ ለጥገና የመጣ ሬዲዮ መስሎት ነበር።

«ደገፉ! ሞተሃል ብለውኝ ነበር እኮ!» አለ ድምፁ። የስኳድሮኑ የዘመቻ መኮንን የነበረው ሻምበል ወንደሰን ነው፤ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ጡረተኛ።

«አለሁ፣ ሻምበል። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ስማኝ። ለሚሌኒየሙ የስኳድሮናችንን ታሪክ በመጽሐፍ እናወጣለን። ሁሉም ሰው ታሪኩን እያወጣ እኛ ብቻ ምን ሆነን ነው ዝም ያልነው? ጽሑፉ አልቋል። የስም ዝርዝሩን በፖስታ ልኬልሃለሁ፤ የአውሮፕላኖቹን ነገር ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እየው፣ ከተስማማህ ፈርመህ መልስልኝ። እስከ ጳጉሜን ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።»

ዝርዝሩ በሳምንቱ መጣ። ሦስት ክፍል አለው። «በግዳጅ ላይ የተሰዉ» የሚለው ረጅም ነው። «በሕይወት ያሉ» የሚለው ከእሱ ያጥራል። በመጨረሻ «አውሮፕላን ይዘው የኮበለሉ» ይላል፤ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ አለ፦ መቶ አለቃ ታምራት ሻንቆ። ከስሙ ጎን ወንደሰን በእጁ ጫር አድርጎበታል። «የመን፣ ጅቡቲ፣ ኬንያ ያሉትን ሁሉ ጠየቅሁ። አየሁት የሚል የለም። አፍሮ ተደብቆ ነው የሚኖረው። እናቱን እንኳ የረሳ ሰው ነው» ይላል።

ደገፉ ወረቀቱን ይዞ ሱቁን ዘጋ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን። ለአሥራ ስድስት ዓመት የተሸከመው ነገር «እናቱን እንኳ የረሳ» በምትለው መስመር አንገቱን ያዘው።

ታምራት የሻንቶ ልጅ ነበር። ከሶዶ ወጣ ሲሉ መንገድ ዳር የምትገኝ ያቺ ገበያ ናት አገሩ። ሁለቱ ስኳድሮኑ ውስጥ የአንድ አገር ልጆች ስለነበሩ፣ አብራሪና ቴክኒሻን በማዕረግ የሚራራቁትን ያህል አልተራራቁም። ታምራት በወላይትኛ ይሰድበዋል፣ ደገፉ በተሰባበረ ወላይትኛ ይመልስለታል፤ ታምራት በሳቅ ይሞታል። አውሮፕላኑን ከደገፉ በቀር ሌላ ሰው እንዲነካበት አይፈልግም ነበር። ደገፉ ይህን ሲያስታውስ አሁንም የሚያመው ቦታ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ አውሮፕላን የነዳጅ መለኪያው እንደ መኪና ጋኑን አያይም። ቴክኒሻኑ ነዳጅ ሲሞላ በኮክፒቱ ውስጥ ያለችውን ቁልፍ አዙሮ ቁጥሩን በእጁ ያስቀምጣል፤ ሞተሩ ሲጠጣ ቁጥሩ ይቀንሳል። መለኪያው የሚያውቀው ሰው የነገረውን ብቻ ነው። ባዶ ጋን ላይ ሙሉ ብለው ቢያስቀምጡለት ሙሉ ነው ብሎ ይቀመጣል። ጋኑ ሊያልቅ ሲል የምትበራ ቀይ መብራት አለች፤ እሷ ስትበራ ግን ማረፊያው ቅርብ ካልሆነ ምንም አትረዳም።

በመጨረሻዎቹ ወራት ትእዛዝ ሁሉ ጎሕ ሲቀድ ይመጣ ስለነበር፣ ቴክኒሻኖቹ አንድ ልማድ አመጡ። የነገውን ፎርም ዛሬ ከምሽት በፊት ይፈርማሉ፤ ቁጥሩንም «ሙሉ» ላይ አድርገው ያድራሉ። ጠዋት የነዳጅ ቦቴው መጥቶ ይሞላዋል፣ ቁጥሩም እውነት ይሆናል። ሁሉም ያደርገው ነበር። መኮንኖቹም እያዩ ዝም ይሉ ነበር፤ ጊዜ ይቆጥባልና። ደገፉም ከታምራት የመጨረሻ በረራ በፊት ባለው ቀን ፈርሞ፣ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሊትር ላይ አድርጎ አደረ።

ጠዋት ቦቴው መጣ፤ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቧንቧው አስነጠሰ። «ያለው ይኸው ነው፣ ከዚህ በላይ ከየት ላምጣ?» አለ ሾፌሩ። ደገፉ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ቁጥሩን ሊቀንስ ነው፤ አንድ እግሩን አንሥቷል። ታምራት እየሮጠ መጣ። አጭር ግዳጅ ነው፣ ደርሼ መጣሁ አለ፤ ዘሎ ገባ፤ ደገፉ ቀበቶውን አሰረለት፣ መስተዋቱን ዘጋ፣ ወረደ። ጎማው መንከባለል ሲጀምር ነው ትዝ ያለው።

ሮጠ። እጁን እያወዛወዘ ከአውሮፕላኑ ጎን ሮጠ። ታምራት አየው፤ ፈገግ ብሎ መልሶ እጁን አወዛወዘለት።

ከዚያ በኋላ እንኳ ጊዜ ነበረ። መቆጣጠሪያው ክፍል ሦስት መቶ እርምጃ ነው፤ በሬዲዮ መንገር ይቻላል። ደገፉ ግማሹን መንገድ ሄደ። ያኔ በእንዲህ ያለ ጥፋት የጦር ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። «አጭር ግዳጅ ነው ብሏል፣ ይመለሳል» አለ ለራሱና ቆመ። እዚያው፣ ግማሽ መንገድ ላይ። ታምራት አየር ላይ እንዳለ ሌላ፣ ሩቅ ግዳጅ እንደተሰጠው ያወቀው በኋላ ነው። ታምራት ሳይመለስ ሲቀር ወንደሰን መጥቶ «ነዳጁ ስንት ነበር?» ሲለው «ሙሉ» አለ። «ሙሉ ከነበረ ድንበር ያሻግረዋል» አለ ወንደሰንም፤ ያን ሳምንት ከየጦሩ የሚኮበልለው ሰው ብዙ ነበርና ማንም አልተጠራጠረም። በአራተኛው ቀን ስኳድሮኑም አልነበረም።

ስለዚህ ጥፋቱ ሁለት ነው። አንዱ የእጅ ነው፤ አንዱ የአፍ።

ሦስተኛም አለ፣ እሱ ይብሳል። ደገፉ ሰኔ 1983 ላይ በእግሩም በጭነት መኪናም እየተንጠላጠለ ሲመጣ፣ ሶዶ ሳይገባ መጀመሪያ የሄደው ሻንቶ ነው። እውነቱን ሊናገር ነበር የሄደው፤ ይህ ይመዝገብለት። የታምራት እናት እማማ ቦሼ በራቸው ላይ ቆመው የደንብ ልብሱን ገና ከሩቅ ሲያዩ በሩን ይዘው ተንሸራተው ተቀመጡ። ይህን ያየ ሰው አፉ ሌላ ነገር ይናገራል። «ነዳጁ ሙሉ ነበር፣ እማማ። ሰው አገር ይደርሳል። ደርሷል» አለ። እማማ ቦሼ እጁን ይዘው ሳሙት።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ወላይታ ዘመኑን በሚለውጥበት በመስከረም በዓል፣ ሳሙናና ስኳሩን ይዞ ሻንቶ ይሄዳል። በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድልህ፣ የተለወሰ ሥጋ ያጎርሱታል፤ «ልጄ» ይሉታል። የታምራትን የሥጋ ድርሻ ለብቻ አስቀምጠው፣ ሦስተኛው ቀን ላይ ለጎረቤት ይሰጡታል። በጸሎት ቤታቸው «በሰው አገር ላሉ ልጆቻችን» ተብሎ ሲጸለይ ከሁሉ ቀድመው የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ደገፉ ይህን ሁሉ እያየ ይበላል። አፈር የሚበላ ይመስለዋል፤ ግን በዓመት ውስጥ ስሙን የሚጠራለት፣ «ከሳህ» የሚለው ሌላ ቤት ስለሌለው፣ ይሄዳል። ብቸኝነት ሰውን እንዲህም ያደርገዋል።

ወረቀቱ በመጣ በሦስተኛው ቀን ለወንደሰን ደወለ። ሁሉንም ነገረው፤ ቁጥሩን፣ ቦቴውን፣ ሩጫውን፣ ግማሽ መንገዱን፣ እዚያ ላይ የቆመውን ደብተሩንም።

«ማታ መፈረሙን እኛ ነን የፈቀድነው» አለ ወንደሰን፣ ያ ትልቅ ድምፁ ወርዶ። «ስሙን ከተሰዉት ጋር አደርገዋለሁ። የነዳጁን ነገር ግን አልጽፍም። ለማን ይጠቅማል? አንተም ደብተርህ ውስጥ አታስገባው።»

«እናቱስ?»

«መጽሐፉ ለየቤተሰቡ ይላካል። ሳይደርሳቸው በፊት ሄደህ ንገራቸው። በግዳጅ ላይ ተሰዋ በላቸው፤ ሌላ ሌላውን ተወው።»

ደገፉ ስልኩን ዘግቶ ሲያበቃ ትንሽ ቀለል አለው፤ በመቅለሉም አፈረ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በሚኒባስ ሻንቶ ወረደ። በቀጥታ ወደ እማማ ቦሼ አልሄደም፤ እግሩ እምቢ አለው። የታምራት እህት አሳየሽ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ የተማሪ ምዝገባ ላይ ስለነበረች እዚያ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ከአግዳሚ ወንበርና ከፋይል ክምር በቀር ማንም አልነበረም።

«ጋሼ ደገፉ! ጊፋታ ገና ነው እኮ፤ ዘንድሮ ቸኮልክ» ብላ ሳቀች።

አልሳቀም። ተቀመጪ አላት። ተቀመጠች። ነገራት። የምዝገባ ፎርሙን ይዛ የነበረች እጇ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰችም።

«ሞቷል ማለትህ ነው» አለች።

«ሞቷል።»

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታው ቆየች። ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

«እኔ ስለ አንተ የማስበውን አሁን አልነግርህም» አለች። «ጊዜ የለኝም። እናቴ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የልጇን ለቅሶ ሳትቀመጥ እንድትሞት አልፈልግም። እድሩን ጠይቀን እናውቃለን፤ መሞቱ ካልታወቀ ድንኳን አይጣልም ተብለናል። አሁን ታወቀ። መርዶ ይነገራታል።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ብቻህን አይሆንም፤ እንደ ደንቡ ነው የሚሆነው። ግን ስማኝ፣ ጋሼ ደገፉ። በግዳጅ ላይ ሞተ ነው የምትለው። የነዳጁን ነገር አታነሣም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ጩማም ያሉት ይህንኑ ነው። ሽማግሌው ነገሩን ከአሳየሽ ሰምተው ደገፉን ቤታቸው አስተኙት፤ አበሉት፤ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። «መርዶ ሞቱን ለማሳወቅ ነው። ምክንያቱን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉት። እንግዲህ ሦስት ሰው፣ አንዱ በስልክ ሁለቱ በአካል፣ ዝም በል ብሎ ለምኖታል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ፈቃድ ይፈልጋል? የታምራት ስም ይነጻል፣ ይለቀስለታል፣ ለደገፉም የሚሄድበት ቤት ይቀርለታል። ደገፉ ይህን አሰበና፣ ልንገራችሁ፣ ደስ አለው።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ሰው ገና ከቤቱ ሳይበተን፣ ጎረቤት ሁሉ ለመድረስ እንዲመች። አቶ ጩማ፣ አሳየሽ፣ ሁለት የጸሎት ቤት ሴቶችና ደገፉ፣ አምስት ሆነው፣ ካፊያ እየመታቸው በእንሰቱ መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ገቡ። እማማ ቦሼ ተነሥተው ደጃፋቸው ላይ ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር። ቀና ሲሉ አምስቱን አዩ። በዚያ ሰዓት አምስት ሰው ተሰልፎ እንዴት አደራችሁ ሊል አይመጣም። የያዙትን ጣሳ ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡና፣ ማንንም ሳይጠብቁ፣ ወደ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

አቶ ጩማ በወላይትኛ ተናገሩ። ደገፉ ግማሹን ሰማ፤ የታምራትን ስም፣ ሞት የሚለውን ቃል፣ የጌታን ስም። ሴቶቹ አለቀሱ። አሳየሽ እናቷ እግር ሥር ተደፍታ ጮኸች፤ አሥራ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ጩኸት ነበር፤ ጎረቤቱ ሰምቶ መምጣት ጀመረ። ወንዶቹ ደጅ ላይ ድንኳን መትከያውን እንጨት ሲጥሉ ይሰማል። እማማ ቦሼ ግን አላለቀሱም። እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አድርገው ግድግዳውን ያያሉ። አንደኛዋ ሴት መዝሙር አነሣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ አለቀ። ቤቱ ዝም ሲል እማማ ቦሼ ዞረው ደገፉን አዩት። እሱ እንዲሰማ ብለው በአማርኛ ነው የተናገሩት።

«ደገፉ።»

«አቤት፣ እማማ።»

«አውሮፕላኗ ሞልታ ነበር ብለህ ነግረኸኝ አልነበር?»

አሳየሽ ቀና ብላ አየችው፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፤ በዓይኗ «አደራህን» አለችው። አቶ ጩማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ቦሼ፣ ይኼ ዛሬ የሚጠየቅ አይደለም» አሉ።

መልሱ አፉ ላይ ነበር። ተመትቶ ነው ቢል ያልቃል። ጦርነት ነበር፤ ሰው ይመታል፤ ማንም አይጠይቅም። ደገፉ አፉን ከፈተ። የእማማ ቦሼ ዓይን ግን እንደዚያ እንደ ሰኔው ቀን ነበር፤ የሚናገረውን ሁሉ ሊያምኑት ተዘጋጅተው ያዩታል። ከሌላው ሁሉ ያልቻለው ይህንን ነው፤ ሁለተኛ መታመንን።

«አልሞላም ነበር፣ እማማ» አለ። «ነዳጁ ጎድሎ ነበር። ቁጥሩን ሙሉ ብዬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ልቀንሰው ነበር፣ ረሳሁ። እሱ ቁጥሩን አምኖ ሄደ።»

አሳየሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ታምራት አላወቀም?» አሉ እማማ ቦሼ።

«አላወቀም።»

«አንተ መቼ አወቅክ?»

«ሲነሣ። ያኔውኑ።»

«ለሰው ተናገርክ?»

«አልተናገርኩም። ፈራሁ።»

እማማ ቦሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደሚቆጡ ሰው አይደለም፣ የሚነገራቸውን በደንብ ለመያዝ እንደሚፈልግ ሰው ነው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ደገፉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳይገባው ተንበርክኮ ቀረበና እጁን ሰጣቸው። አጥብቀው ያዙት። ቀኝ እጁን ገልብጠው መዳፉን አዩት፤ የብየዳ ጠባሳ አለበት፣ ጥፍሩ ሥር ቅባት አለ። ያኔ ነው እንባቸው የወረደው፤ መዳፉ ላይ ወረደ።

«እጅ ነው» አሉ። «እጅ ይሳሳታል። እኔም ልጅ ሆኜ የወንድሜን ጥጃ ገመድ አጥብቄ አስሬ ገድያለሁ። ነዳጁን ይቅር ብዬሃለሁ። ጌታም ይቅር ይበልህ።»

ደገፉ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። አሥራ ስድስት ዓመት ያላለቀሰውን ሊያለቅስ ነበር። እጃቸው ግን እጁን ለቀቀው።

«አሥራ ስድስት ጊፋታ» አሉ እማማ ቦሼ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «እዚህ፣ እዚሁ ቦታ ተቀምጠህ በላህ። እኔ በሩን ሳይ አንተ እኔን ታይ ነበር። የመኪና ድምፅ ሲመጣ ስነሣ ታየኛለህ። ለልጄ ሥጋ ሳስቀምጥ ታየኛለህ። ልጄ ከሞተ እኔ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አንተ ለቅሶዬን ወሰድክ። እሱን አልችልም፣ ደገፉ። እሱን ይቅር ለማለት ጉልበት የለኝም። ሂድ፣ ልጄ። ሁለተኛ አትምጣ።»

«ልጄ» ያሉት ከልምድ ነው። ለማንም ሰው የሚሉት ነው። ደገፉ ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ ያንን ቃል ነው ይዞ የተነሣው።

ከኋላው አሁን እማማ ቦሼ መጮኽ ጀመሩ። የልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ በወላይትኛ፣ ከትንሽነቱ ጀምረው። ደገፉ በሩን ሲወጣ ነው እንባው የወረደው። ካፊያው አባርቷል። ድንኳኑ ግማሹ ተወጥሮ፣ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር እያወጡ ተደርድረዋል፤ ውስጥ የተባለውን የሰማ አልነበረም። እንባውን ያዩት እነሱ ናቸው። የታምራት የጦር ጓደኛ እንደሆነ፣ በየዓመቱ እናቱን እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ሽማግሌ ተነሣ፣ ሌሎቹም አብረውት ተነሡ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው ሽማግሌው እጁን በሁለት እጁ ይዞ። «ወንድምህ ነበር።»

«አሜን» አለ ደገፉ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ።»

«አሜን።»

ሰልፍ ላይ አንዱን ጨብጦ ሌላውን መዝለል አይቻልም። እየጨበጠ፣ አሜን እያለ፣ ወደ ታች ወረደ። አንዱ «አረፍ በል እንጂ፣ ቦታ አለ» ብሎ ከወንበሩ ፈቀቅ አለለት፤ ደገፉ ትከሻውን ነካ አድርጎት አለፈ። የመጨረሻውን ሰው ከጨበጠ በኋላ ከፊቱ መንገዱ ብቻ ነበር፤ በእሱ ሄደ።